«ግራይፕ»፦ ስለ አንድ የማማረሪያ ቃል

በተመራቂዎች መሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ በመጠኑ ታርሟል።



የማኅበሩ ኮሚቴ ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ስለ ሙያሽ ተናገሪ፤ ከምሳ በኋላ ስለሆነ ግን ሰው እንዳይተኛ» ሲለኝ ብዙ ርዕስ አወጣሁ፣ አወረድኩ። በመጨረሻ የመረጥኩት አንድ ቃል ነው፤ ያውም የእንግሊዝኛ ቃል። «ይቺ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት መቼ ተማረች?» የምትሉ የቋንቋ ክፍል መምህራን ካላችሁ እውነታችሁን ነው። ስሳሳት አርሙኝ፤ እናንተ ፊት መታረም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በእኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሐኪሞች ብቻ ያሉበት ግሩፕ ውስጥ ምን እንደሚወራ መናገር አያስፈልገኝም። ደሞዝ፣ የተረኛ አበል፣ የቤት ኪራይ፣ የጠፋ መድኃኒት፣ ከተበላሸ ዓመት ያለፈው ማሽን። አንድ ማታ ማማረሩ በርትቶ ሳለ አሜሪካ ያለ ጓደኛችን በእንግሊዝኛ «ስቶፕ ግራይፒንግ» ብሎ ጻፈ። አቁሙ እንግዲህ፣ መነጫነጩ ይብቃ ማለቱ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ተባለ። ከዚያ ክፍለ ሀገር የሚሠራው ሌላው ጓደኛችን ብቅ ብሎ፣ «ግራይፕ የሕፃናት የሆድ ቁርጠት መድኃኒት አይደለም እንዴ? ማንን እናጠጣ?» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያማረረ ሰው ሁሉ «ግራይፕ ዋተር ይታዘዝለት፤ አንድ ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ይባል ጀመር።

እኔም ከሰው ጋር ሳቅኩ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዚያ መድኃኒት ስም ለእኔ የሚያስቅ ስም አይደለም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ጓደኛችን ቀልዶ የተናገረው ነገር ለካ እውነት ኖሯል።

ከእጅ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ አፍ

«ግራይፕ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ግሪፓን» ነበር። ትርጉሙ መጨበጥ፣ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ነው። ጀርመኖች ዛሬም «ግራይፈን» ይላሉ፤ ያው መያዝ ነው። እንግሊዝኛው «ግሪፕ»፣ ማለትም ጭብጥ አድርጎ መያዝ፣ የዚሁ ወንድም ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲወለድ የእጅ ሥራ ነበር፤ ከማማረር ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

በ1600ዎቹ መባቻ አካባቢ እጁ ሆድ ውስጥ ገባ። እንግሊዞች አንጀትን ጭብጥ አድርጎ የሚይዝ፣ የሚጠመዝዝና የሚለቅ ሕመምን «ዘ ግራይፕስ» አሉት። እኛ ቁርጠት የምንለው ነው። ልዩነቱን አስተውሉ፤ እኛ ሕመሙን ቢላዋ አደረግነው፣ እነሱ እጅ አደረጉት። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ይህ ሕመም ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1930ዎቹ አካባቢ፣ አሜሪካኖች ቃሉን ከሆድ አውጥተው አፍ ላይ አደረጉት። «ሆዱን እንደያዘው ሰው አታቃስት» እንደማለት፣ የሚነጫነጭን ሰው «ግራይፕ ያደርጋል» አሉት። ከዚያ በፊትም፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ «ቤሊኤክ» የሚለውን ቃል፣ ማለትም የሆድ ሕመምን፣ ማማረር ለማለት ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ ጓደኛችን «የሕፃናት የሆድ ቁርጠት መድኃኒት አይደለም እንዴ?» ሲል ሳያውቀው የቃሉን አባት ጠርቷል።

ይህ የመያዝና የመጨበጥ ነገር ሌላም ቦታ ይገኛል። ፈረንሳዮች ከጀርመኖቹ ዘር ቃሉን ወስደው «ግሪፔ» አሉ፤ መንጠቅ፣ ለቀም ማድረግ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢንፍሉዌንዛን «ላ ግሪፕ» ብለው ሰየሙት። ስፓኒሽም ከዚያ ወሰደ፣ ሩሲያኛም ወሰደ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኩባና ሶቪየት ኅብረት የተማራችሁ ታላላቆቻችን ጉንፋኑን «ግሪፔ»፣ «ግሪፕ» ስትሉ የኖራችሁት ይህንኑ ቃል ነው። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የፈጀውና እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝም በፈረንሳይኛ ስሙ ያው «ላ ግሪፕ» ነበር።

እኛስ? እኛም እኮ እንደዚያው ነን። ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘው፣ ምጥ ያዛት፣ ሳል ያዘኝ። በአማርኛ በሽታ እጅ አለው። «ታመምኩ» ከማለት ይልቅ «ያዘኝ» ማለት ይቀናናል። በዚሁ «ጨበጠ» ከሚለው ግስ ጋር የሚመሳሰል የአንድ በሽታ ስም እንዳለም ታውቃላችሁ፤ ልጆች ስላሉ እሱን ለቆዳና አባላዘር ክፍል ትቻለሁ።

የጠርሙሱ ታሪክ

አሁን ወደ ግራይፕ ዋተር ልምጣ። ይህን ውኃ የቀመመው ዊልያም ዉድዋርድ የሚባል የእንግሊዝ ፋርማሲስት ነው፤ ኖቲንግሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1851። በምሥራቅ እንግሊዝ ፌንስ የሚባል ረግረጋማ አገር አለ፤ በዚያ ዘመን ወባ ነበረበት። ለዚያ ትኩሳት ለሕፃናት የሚሰጥ አንድ መድኃኒት ሆዳቸውንም ሲያሳርፍ ታየ፤ ዉድዋርድ ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ነው ይባላል። የእንስላል ዘመድ ከሆነ ተክል የተገኘ ዘይት፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ስኳር፣ ውኃ፣ በዚያ ላይ 3.6 በመቶ አልኮል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1876 በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው። ከእንግሊዝ ወጥቶም በቅኝ ግዛቶቿ ሁሉ ተዳረሰ። አልኮሉ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የሕፃናት ለቅሶ ዝም ሲል አንዱ ምስጢር ልጁ ሞቅ ብሎት እንደነበር መጠርጠር ይቻላል።

በውኃው መቀለዴ የእኛን ለማሞገስ አይደለም። የእኔ አያት ጤና አዳም አፍልታ ነበር የምትሰጠን። ሁሉም አገር የሚያለቅስ ልጅ አለው፤ ሁሉም አገር ለሚያለቅስ ልጅ የሚሰጠው ነገር ያዘጋጃል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የተዘጋጀ ነገር እጃችን ላይ ሲኖር፣ ልጁ ለምን እንደሚያለቅስ መጠየቅ እናቆማለን።

ሕፃናትን ለምታክሙ የታወቀ ነው፤ ለሌሎቻችሁ ግን በአጭሩ ልናገር። ኮሊክ የምንለው የሕፃናት ማልቀስ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ ሦስት አራት ወር ሲሞላ ይተዋል። ቬሰል የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጡት የሦስት ሕግ አለ። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚያለቅስ፣ ግን የሚጠባና የሚያድግ ልጅ ኮሊክ አለው ይባላል። ይህን ለፈተና ሸምድደነዋል። እኔ ጥያቄውን በትክክል መልሻለሁ፤ ማርኩንም አስታውሰዋለሁ።

«ይይዘዋል፣ ይለቀዋል»

በተመረቅን በዓመቱ ነው። ዕጣ ወጥቶልኝ ከዚህ ሩቅ የሆነ ሆስፒታል ተመድቤያለሁ። የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን ሰው ጨውና ስኳሩንም፣ ሕመሙንም በአንድ መንገድ ስለሚጨርስ ተመላላሽ ክፍሉ ከበር እስከ ግቢው ዛፍ ድረስ ይሞላል። ከሰዓት በፊት አንዲት እናት ልጅ አዝላ ገባች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ልጁ ሰባት ወሩ ነው፤ ደልደል ያለ፣ የሚያምር ወንድ ልጅ።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ሆዱን ይቆርጠዋል ዶክተር። ይይዘዋል፣ ይለቀዋል። ሲይዘው እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይጮኻል። ሲለቀው ምንም እንዳልሆነ ይሆናል፣ ፈዞ ይተኛል። ደግሞ ይይዘዋል።»

አልጋው ላይ አስተኝቼ ሆዱን ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው። ትኩሳት የለውም። ዳስሼ እስክጨርስ አላለቀሰም፤ ለካ የለቀቀው ሰዓት ላይ ነው ያገኘሁት። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ «እናቲቱ ስለ ልጁ ብዙ ማልቀስ ታማርራለች» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ኮሊክ»። ከሥሩ የዚያን ጠርሙስ ስም። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ አልለካሁትም፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። ጠርሙሱን ከፋርማሲ ገዝታ፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ አጠጥታዋለች። «አልተወውም፤ እንዲያውም አስመለሰው» አለችኝ። እኔ ያን ሰዓት ደክሞኛል፣ ርቦኛልም። መድኃኒቱ ጊዜ እንደሚፈልግ ነገርኳትና ወደ ቤቷ እንድትሄድ አሰናበትኳት። ስትወጣ አብራኝ ለምትሠራው ነርስ፣ «ይቺ እናት ደግሞ ትነጫነጫለች» አልኩ። ሲስተር በዕድሜ ታላቄ ነበረች። ዝም ብላ አየችኝ። «ሰባት ወር ላይ ነው ወይ ቁርጠት የሚጀምረው?» አለችኝ። ሰማኋት። «አንዳንዱን ይቆየዋል» ብዬ ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ። ከዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያቺ መልስ ናት፤ ምክንያቱም እንደማይቆይ አውቅ ነበር።

እናቲቱ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አደረች። በማግስቱ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቆማ አገኘኋት። ምንም አላለችም፤ ልጁን የጠቀለለችበትን ጨርቅ ፈትታ አሳየችኝ። ደም የተቀላቀለበት፣ ቀይ ንፍጥ የመሰለ ነገር። ሐኪሞቹ ያወቃችሁት ይመስለኛል። መጽሐፉ የዘቢብ ማርማላታ የመሰለ ሰገራ ይለዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት መሆኑንም ይነግራል። ልጁ የአንጀት መታጠፍ ነበረበት፤ አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ውስጥ እንደ ካልሲ ጫፍ ገብቶ። አንጀቱ ሊገፋው ሲጨማደድ ይይዘዋል፤ ሲፈታ ይለቀዋል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በአየር ወይም በፈሳሽ ከታች ተገፍቶ ያለ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ሲዘገይ የደም ዝውውሩ ይቋረጥና አንጀቱ ይሞታል።

አምቡላንስ ተገኝቶ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ደርሶ፣ በዚያው ዕለት ተከፈተ። የሞተውን አንጀት ቆርጠው አወጡ። ልጁ ተረፈ። ተረፈ ስላችሁ ብዙዎቻችሁ እፎይ አላችሁ፤ እኔም ያን ጊዜ እፎይ ብያለሁ። ግን ያ ልጅ ሊቀርለት ይችል የነበረ ቁርጥ ሆዱ ላይ አለ፤ እናቱም ልታድርበት የማይገባትን ሌሊት አድራለች።

ከሳምንታት በኋላ ቁስሉን ለማሳየት እኔ ጋ መጣች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ቃል መርጬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግማሹ ጠፋብኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም። «እኔ እኮ ነግሬሽ ነበር» አለችኝ፣ ዝግ ብላ። ከቦርሳዋ ያንን የግራይፕ ዋተር ጠርሙስ አውጥታ የልጁን ፀጉር ትቀባ ጀመር። አጥባ ቅባት ሞልታበታለች። ጠርሙስ አይጣልማ።

እንግዲህ በቴሌግራሙ ቀልድ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። መዝገበ ቃላቱ «ግራይፕ፦ መያዝ፣ መጨበጥ» ሲለኝ የሴትዮዋ ድምፅ ነው የመጣብኝ። ይይዘዋል፣ ይለቀዋል። እናቲቱ በአማርኛ የነገረችኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ካዘዝኩላት ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ነበር። ትርጉሙን ሁለታችንም አላነበብነውም፤ እሷ ፊደሉን ስለማታውቅ፣ እኔ የማውቅ ስለመሰለኝ።

ካርዱ ላይ የምንጽፈው

ከዚያ ወዲህ የራሴን ካርዶች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በሕክምና ታሪክ የመጀመሪያው መስመር ምንድን ነው? «ቺፍ ኮምፕሌይንት»። ዋናው ቅሬታ እንበለው። ታካሚ ሁሉ ገና ከበር ሲገባ በእኛ ወረቀት ላይ አማራሪ ነው። ካመመው «ኮምፕሌይን ያደርጋል» እንላለን፤ ካላመመው «ይክዳል» እንላለን። አንድን ሰው «ሳል አለህ?» ብለን ጠይቀን «የለኝም» ሲል፣ ሳልን ካደ ብለን እንጽፋለን። እስቲ እንዲህ ያለ ወረቀት ለፍርድ ቤት እንጂ ለሐኪም ይመስላል?

«ኮምፕሌይን»ም የራሱ ታሪክ አለው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ነው። ሥሩ «ፕላንጌሬ» ነው፤ በሐዘን ደረትን መምታት። በአገራችን ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ይህን አያስፈልገውም፤ ደረቷን የምትደቃ እናት ያላየ የለም። ከሳሽ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት «ፕሌንቲፍ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ነው። ከአይሁዶች ዪዲሽ ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ የገባው «ክቬች»፣ እሱም መነጫነጭ ነው፣ ሥሩ መጭመቅ ነው። እንግዲህ ደረት የሚመታ አለ፣ የሚጨመቅ አለ፣ አንጀቱን የተያዘ አለ። የእነዚህ ሁሉ ቃላት መነሻ አካል ላይ ነው። ሰው መጀመሪያ ያመዋል፣ ከዚያ ይናገራል፤ ስንሰለቸው ደግሞ ሕመሙን እንረሳና ንግግሩን ብቻ እንሰማለን። ያን ጊዜ ቃሉ ስድብ ይሆናል።

የእኛም ቃላት እንደዚያው ናቸው። ምሬት ከመራራ ነው፤ የቀመሰው ያውቀዋል። ቅሬታ ከቀረ ነው፤ አንድ ነገር ተደርጎልህ አንድ ነገር ልብህ ውስጥ ሲቀር። ብሶት ከባሰ ነው፤ ሕመሙ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር፣ ግን ሆድ ሲብስ አይቻልም። ማጉረምረም ደግሞ ድምፅ ነው፤ የሚሰማ ሰው የሌለው ድምፅ። የሰው ሆድም ሲርበው ያጉረመርማል፣ ለማንም ብሎ አይደለም።

አቤቱታ ግን ከእነዚህ ይለያል። አቤቱታ ተቀባይ አለው። ዳኛ አለው፣ ሹም አለው፣ ሐኪም አለው። እኔ በዓመታት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አቤቱታ ሦስት ጊዜ ሳይሰማ ሲቀር ማጉረምረም ይሆናል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። ያቺ እናት መጀመሪያ ስትመጣ አቤት ብላለች። ሁለተኛ ስትመጣ በእኔ አፍ ነጭናጫ ሆነች። ሦስተኛ ስትመጣ መናገር ትታ ጨርቅ አሳየችኝ።

እንዳትሳሳቱ፤ ማማረር ሁሉ በሽታ ነው እያልኩ አይደለም። ለመተንፈሻ የሚሆን ማማረር አለ። ቡና ላይ ተቀምጠን መብራት ኃይሉን፣ ታክሲውን፣ ጎረቤቱን ካላማረርን ቡናውም አይጥምም። ያም ይኑር። ሐኪም የሚፈተነው ሁለቱን ለመለየት ነው፤ ለመለየት ደግሞ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። አቋራጭ ያለው አይመስለኝም።

ስለ እኛም አንድ ነገር

የቴሌግራሙ ግሩፕ ቀልድ ሌላም ጣጣ አለው። ከእኛ መካከል ሌሊት ሌሊት የሚጽፍ ጓደኛ ነበረን። «ደከመኝ» ይላል። «ሦስተኛ ሌሊቴ ነው» ይላል። «ይህን ሙያ ለምን እንደመረጥኩት ረሳሁት» ይላል። እኛ የሚስቅ ፊት እንልክለታለን፤ «ግራይፕ ዋተር ይታዘዝለት» እንላለን። እኔም ልኬያለሁ። አንድ ቀን ግሩፑን ለቀቀ። ከወራት በኋላ ሥራውንም ለቀቀ፤ ሕክምናን ጨርሶ ተወው። ዛሬ ደህና ነው፣ ደውዬ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልመጣም። ስለ ሕፃኑ ያስተማረችኝን እናት ትምህርት ለጓደኛዬ አላዋልኩትም። ሐኪም የሰውን ቁርጠት ሲያውቅ የጓዱን አያውቅም ማለት ነው።

አየር መንገድ የምትሠሩ ተመራቂዎች እዚህ አላችሁ። በአቪዬሽን «ግራይፕ ሺት» የሚሉት ወረቀት አለ። አብራሪው ከበረራ ሲመለስ ያስተዋለውን ጉድለት ሁሉ ይጽፍበታል፤ አንድ መብራት አልበራም፣ አንድ ድምፅ ይሰማል። ስሙ የማማረሪያ ወረቀት ነው፤ ግን አብራሪውን ነጭናጫ የሚለው የለም። መካኒኩ ለተጻፈው እያንዳንዱ ጉድለት ምን እንዳደረገ ጽፎ ይፈርማል። ማማረር እዚያ ተጽፎ መልስ የሚሰጠው ሥራ ነው። ሰው ሁሉ በሰላም የሚያርፈው በከፊል በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን ሦስት ነገር ልለምን። ትእዛዝ አይደለም፤ የተማሪ ልመና ነው።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው መስመር በታካሚው ቃል ይጻፍ። ይህ አዲስ አይደለም፣ መጽሐፉም የሚለው ነው። ግን አማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ከሆነ በሶማልኛ፣ ሰውየው እንዳለው ይጻፍ። እኔ «ይይዘዋል፣ ይለቀዋል» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ ካርዱን ስገልጥ ቃሉ ራሱ ያስቆመኝ ነበር። «ብዙ ማልቀስ» የሚለው የራሴ ትርጉም ግን ምንም አልነገረኝም።

ሁለተኛ፣ በአንድ ሕመም ሁለተኛ የተመለሰ ታካሚ ከሀ ይጀመር፤ ከተቻለም ሌላ ሐኪም ይየው። የራስን ስሕተት በራስ ዓይን ማየት ከባድ ነው። ነርስ «ሰባት ወር ላይ ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ደግሞ ጥያቄው ይመለስ እንጂ አይታለፍ።

ሦስተኛ፣ ለኢንተርኖችና ለነርሶች አንድ የማማረሪያ መዝገብ ይከፈትላቸው፤ አጠገቡ የመልስና የፊርማ ቦታ ያለው። ጥያቄያቸው ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። «አይቻልም፣ ምክንያቱም» ብሎ መፈረምም መልስ ነው።

ልጨርስ ነው፤ ሰዓት የሚያሳዩኝ ሰውዬ እጃቸውን ማንሳት ጀምረዋል።

ቃላት ሳገላብጥ ካገኘሁት ሁሉ የወደድኩት የራሳችንን «አቤት» ነው። የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም «አቤት! አቤት!» ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ ሆነን እናታችን ስትጠራን የምንመልሰው «አቤት» ነው፤ ሰማሁ፣ መጣሁ ማለት ነው። የሚጮኸውም የሚሰማውም አንድ ቃል ነው ያላቸው። እዚህ ግቢ ውስጥ መምህር ስማችንን ሲጠራ «አቤት» ብለን ተነስተናል፤ ከዚህ ወጥተን ደግሞ ሰዎች እኛን «አቤት» ሲሉን ሃያ ዓመት ሞላን።

ያ ልጅ ዛሬ ከሃያ ዓመት ብዙም የማይርቅ ጎረምሳ ነው። የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት የሆነ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ምናልባትም እዚሁ፣ ከእናንተ ከአንዳችሁ ክፍል ተቀምጦ፣ ፈተናው ከበደን ብሎ እያማረረ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ፣ መምህሮቼ፣ እባካችሁ እስኪጨርስ ስሙት።